ከኋላ የሚከተለውን መኪና ማን ይያዘው?

በመጪው ክረምት፥ ፈተናው አልቆ ትምህርት ሲዘጋ፥ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርገው እስከ ሐዋሳ በብስክሌት ለመጓዝ አስበዋል። መንገዱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአራት ቀን ይፈጸማል ተብሏል። ሐሳቡን የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልነቅፈውም። ክርክሩ ያለው ሌላ ላይ ነው፤ ይኸውም ብስክሌተኞቹን እየተከተለ ውሃና ስንቅ የሚያቀብለው፥ የተበላሸውን የሚጠግነው፥ የደከመውን የሚያነሣው ማን ይሁን የሚለው ነው።

አንዱ ወገን «ገንዘብ አዋጥተን ሠራተኞች እንቅጠር፤ እኛ የምንሄደው ለመንዳት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ብርቱው ይድረስ፥ ያልቻለ ከመንገድ አውቶቡስ ይሳፈር» ባይ ነው። በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም።

ሁለተኛውን ላስቀድም። ረዳት አያስፈልግም ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ አገር ዙር ውድድር ጥንት ሕጉ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ኤዤን ክሪስቶፍ የተባለው ብስክሌተኛ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተሰበረበት። ብስክሌቱን ተሸክሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ከተጓዘ በኋላ ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት ገባና፥ ዳኞች ቆመው እየተመለከቱት፥ ብረቱን በገዛ እጁ አግሎና ቀጥቅጦ አያያዘው። ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ወናፍ ስለ ነፋለት የቅጣት ደቂቃ ተጨመረበት! ሰውየው የሚደነቅ ነው፤ ሕጉ ግን የሚደነቅ አይመስለኝም። ያም ቢሆን ያ ውድድር ነበር። የእኛ ጉዞ ነው፤ ሽልማትም የለው።

መንገዱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወረድ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጀግና ይመስላል። ከሞጆ ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከባድ መኪና ይበዛል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ጧት በ12 ሰዓት የተነሣ ፈጣን ጋላቢ ሰማዩ ሳይጠቁር ማደሪያው ይገባል። ዝናቡ የሚያገኘው ቀርፋፋውን ነው። ጎማው ሲርስ ፍሬኑ ቶሎ አይዝለትም፤ በላብ የራሰው ልብሱ ላይ ብርድ ይጨመርበታል፤ የከባድ መኪናው ሾፌርም በዝናብ ውስጥ በደንብ አያየውም። ስለዚህ መኪናው መሆን ያለበት ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው እንጂ ከፊተኞቹ ጋር ፎቶግራፍ እያነሣ አይደለም። በእኔ አስተያየት የጉዞው ዋና ደንብ ይኸው ነው።

ስንቁም ዕውቀት ይጠይቃል። ረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃና ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ስኳር ወይም ስታርች ያሻዋል። ጨው ሳይቀምስ ውሃ ብቻ አብዝቶ ቢጠጣ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ይታመማል። በሶ በስኳርና በጥቂት ጨው ተበጥብጦ፥ ሙዝም ተጨምሮ፥ ከውጭ አገር ከሚመጣው ብልቃጥ የሚያንስ አይመስለኝም። (ቆሎ ግን እየነዱ ለመቆርጠም አይመችም፤ ለማታ ይቆይ።) ጉዞው በፍልሰታ የሚውል ከሆነ የሚጾሙትን ከወዲሁ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ቅጥሩ። ሾፌሩ ይቀጠር፤ በዚያ መንገድ ላይ መኪና መንዳት የተማሪ መለማመጃ አይደለም። ሲቀጠርም ምግቡና መኝታው ከእኛ እኩል ይሁን። ውሃ መቅዳት፥ ካላማዳሪ በማስቲሽ መለጠፍ፥ የተበጠሰ ካቴና መቀጠል ግን የእኛ ሥራ ነው። የወንድሙን ጎማ ጎንበስ ብሎ ለመለጠፍ የሚያፍር ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ፤ ስለ ገበሬው ኑሮ በየስብሰባው የሚናገረውም አንዳንዴ እርሱው ነው። ስለ ሆነም እያንዳንዱ ሰው ሦስት ቀን ነድቶ አንዱን ቀን ከመኪናው ጋር ይዋል። «እንዲህ ከሆነ መንገዱን በሙሉ የነዳ ማንም አይኖርም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፥ ዋጋውም ይህ ነው። ብስክሌት የማይነዱ ተማሪዎች ለአራቱም ቀን በፈቃዳቸው ከመጡ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። በተለይ የሕክምና ተማሪዎች አይቅሩብን፤ ከመምህራንም መኪና ያለው ቢከተለን ደስታችን ነው።

በአሜሪካ አገር በአዮዋ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ የሐምሌ ጉዞ አለ፤ ብዙ ሺህ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ አገሩን በብስክሌት ያቋርጣል። የሚያልፉባቸው ትንንሽ ከተሞች ሰዎች ምግብና ማደሪያ እያሰናዱ ይቀበሏቸዋል። በመቂና በዝዋይ የተወለዱ ጓደኞች አሉን፤ ማደሪያ የሚሆን የትምህርት ቤት አዳራሽ እንዲጠይቁልን ከአሁኑ ደብዳቤ ቢሰጣቸው መልካም ነው።

የተጓዦች ስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በየስሙ ትይዩ የመኪና ቀኑ አብሮ ይጻፍ። ቀኑን ያልመረጠ አይመዝገብ።