ችኮላው የደንበኛ፣ ስሌቱ የባለመኪና

ቦሌ አራብሳ ከኛ ብሎክ ሥር አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ታድራለች። ባለቤቷ ጎረቤቴ ነው። ለዓመታት የሰው አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ፣ የደረሰውን እቁብ፣ ከወንድሙ የተበደረውንና የሚስቱን ወርቅ ደምሮ ኮድ 3 ሊብሬ በስሙ አወጣ። ያን ሰሞን ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሙሽራ ያስመስለው ነበር።

«ከእንግዲህ ስልክ ከጮኸ መብረር ነው ጋሼ» አለኝ። ሥራው አስቸኳይ ጭነት ነው። መሀል መንገድ ለቆመ መኪና ከሱማሌ ተራ መለዋወጫ ያደርሳል፤ ቤት ልቀቅ የተባለ ተከራይ ሶፋና ፍሪጅ ይጭናል፤ ሌሊት ሰው ሲሞት የእድር ድንኳንና አግዳሚ ይወስዳል። ማን ያዘዋል? ጌታም ሎሌም እሱ ነው።

በሦስተኛው ወር ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። እየሠራ ነው፤ ብሩ ግን የለም። ቁጭ ብለን አሰላን። ከኛ ሰፈር መርካቶ 20 ኪሎ ሜትር እንበል። የሚከፈለው ለ20 ነው፤ ባዶዋን ስትመለስ ግን መኪናዋ የምትሄደው 40 ነው። ደላላው ድርሻውን ይወስዳል። ብሎኩ በር ላይ የቆሙት ጫኝና አውራጆች ከኪራዩ የሚበልጥ ዋጋ ይጠሩና ክርክሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ደንበኛው የሚቆጣው ግን በባለመኪናው ነው። ደብተሩ ላይ ናፍጣ እንጂ ጎማ አልተጻፈም፤ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የፍሬን ሸራም የሉም። የራሱ ደመወዝማ ትዝም አላለው። ተቀጣሪ ሳለ እነዚህን ሁሉ የሚያስብለት ሌላ ሰው ነበር።

የራስ ጌታ የመሆን ነፃነት በርካሽ የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን የግል የጭነት መኪና እንኳ በቀጠና ተደራጅቶ ጭነቱም ታሪፉም ከላይ ይታደለው ነበር። ያ አሠራር ከቀረ ወዲህ ባለመኪናው ዋጋውን ራሱ ይነጋገራል፤ ኪሳራውንም ራሱ ይሸከማል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሣ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ የናፍጣውም የጎማውም ዋጋ ወጥቶ ያረፈው እሱ ጫንቃ ላይ ነው።

በአገራችን የአስቸኳይ ጭነት ነገር ከተነሣ የጫት አይሱዙ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጫት ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ከአወዳይ የተነሣ መኪና ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ ለመድረስ ይከንፋል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ወዶ አይደለም። እዚያ የነጋዴው ጥድፊያ ወደ ሹፌሩ እግር ወርዷል፤ በየመንገዱ ዳር የተገለበጠው የጭነት መኪና የዚያ ውጤት ነው።

አሜሪካ የጭነት መኪና ገዝተው «ኦነር ኦፕሬተር» የሆኑ ወገኖቻችንም ከዚሁ ስሌት አያመልጡም። እዚያ ግን ሕጉ በግድ ያሳስባቸዋል። ከግዛት ግዛት ተራ ጭነት በኪራይ የሚያመላልስ፣ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ የሚያልፍ መኪና ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት መድን ሳይይዝ አይነሣም። ሹፌሩም ለ10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል ሰዓቱ አይለጠጥም።

እኛ ዘንድ ይህን ልጓም ባለመኪናው ለራሱ ማበጀት አለበት። አስቸኳይ ጭነት የሚሸጠው ፍጥነት ይመስላል፤ እኔ ግን የሚሸጠው ዝግጁነት ነው እላለሁ። ዝግጁነት ደግሞ የታየ ጎማ፣ የተኛ ሹፌርና ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ይጠይቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና መታጠቂያው ሰዓት ስልኩ ከመጮኹ በፊት ነው። ወርቅ ሸጦ መኪና ለሚገዛ ወጣት የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ብርህን በሙሉ መኪናው ላይ አትጨርስ። ሥራ የማይገኝበትን ሁለት ሦስት ወር የሚያሻግርህ ስንቅ ካልቀረህ፣ ደላላው የሰጠህን ዋጋ ሁሉ ትቀበላለህ።

ጎረቤቴ አሁን ተለውጧል። ድሮ ስልኩ ሲጮኽ «መጣሁ!» ነበር የሚለው፤ ዛሬ ግን መጀመሪያ «መልስስ አለው?» ይላል። የመልስ ጭነት ከሌለ ባዶውንም መንገድ ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ደንበኛው ካልተስማማ በትሕትና ያሰናብተውና ይተኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሯ ሲነሣ ሰማሁ። ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘሁትና «ትናንትናስ መልስ ነበረው?» አልኩት።

«የለቅሶ ድንኳን ነው ጋሼ፤ ለሱ መልስ አይጠየቅም» አለኝ። ደረጃውን ጥቂት ወርዶ ዘወር አለና ፈገግ እያለ ጨመረ፦ «መልሱማ አለ። በሦስተኛው ቀን።»