ፎካሪውና ባለመሰንቆው

ጃፓንን እንምሰል የሚለው ቃል በአገራችን አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያችን አገር ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ አበረከቱልን። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል የሚደጋግሙት ግን የሚቈጥሩልን ፋብሪካውንና ባቡሩን ብቻ ነው። ሳሙራይ የተባሉ ጦረኞቿን በእንጨት ቀርጻ በወረቀት ስለማተሟ የሚያነሣ እምብዛም የለም። ሙግታችን ከዚህ ላይ ነው።

ዮሺቶሺ የተባለው ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ባሳተመው ሥዕል፣ ያሱማሳ የተባለ መኰንን በጨረቃ ብርሃን ዋሽንት እየነፋ በሜዳ ያልፋል። ልብሱን ሊገፍ የተነሣ ወንበዴ እጁን በሰይፉ ላይ አድርጎ ከኋላው ያደባል፤ ዜማው ግን ክንዱን ያዘበት። ሠዓሊው ነደፈ፤ ጠራቢው በእንጨት ላይ ቀረጸ፤ አታሚው ቀለም እየቀባ በወረቀት አተመ፤ ነጋዴውም ለገበያ አወጣው። ጀግናው ከነዋሽንቱ በተራው ሰው ቤት ገባ።

የእኛስ? ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችውን ደብረ ማርቆስን መናገሻ ያደረጉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው አድዋ ላይ ተሰልፈዋል። በአምስቱ የጠላት ዘመንም በላይ ዘለቀና ሌሎቹ አርበኞች በጎጃም ምድር ሲዋጉ ፉከራና ቀረርቶ እንደ ስንቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሠዓሊዎቻችን በጨርቅ ሥለው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የለጠፉት ሥዕል እያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ፣ ምስጥ ሲገባ አብሮ ይጠፋል። የአድዋን ጦርነት በሸራ የሚሥሉትም አንድ በአንድ በእጃቸው ይሥሉታል፤ እንግዳው ገዝቶ ጠቅልሎት ይሄዳል። (የጃፓንም ሥዕል ተሰዷል፤ በቦስተን ቤተ መዘክር ብቻ ከ50,000 በላይ ይገኛል። ነገር ግን ብዙ አትመው ነበርና ለራሳቸውም ተረፋቸው።)

«ፉከራ ኋላ ቀርነት ነው፤ አዝማሪም ለማኝ ነው» የሚሉን አሉ። እነዚሁ ሰዎች የያሱማሳን ዋሽንት ቢያዩ ጥበብ ነው ብለው ያደንቃሉ! ዳዊት በገና ሲደረድር በሥዕል አይቶ እጅ የሚነሣውም፣ ባለመሰንቆውን ከደጁ ያባርራል። መሰንቆ ከዋሽንት በምን አነሰ?

የእንጨት መስቀል የሚቀርጽ እጅ በጎጃም ሞልቷል፤ ሠዓሊም አልጠፋም። የጐደለው የሚያሳትም ባለገንዘብ ነው። አንድ ሥዕል ተመርጦ በሺህ ይታተም፤ ዋጋው ተማሪ የሚችለው ይሁን፤ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይሰቀል፤ ከፎካሪውም ጐን ባለመሰንቆው ሳይቈረጥ።