ትኬቱ ፊት አይገዛም

«ፎቶ አነሳሁ እንጂ ምን ወሰድኩ?» ይላል አገር ጎብኚው። ብዙ ወስደሃል ጌታው!

ኒው ዚላንድ ውስጥ፣ ሮቶሩዋ ከተማ ጥግ፣ ፋካሬዋሬዋ የተባለ የማኦሪዎች መንደር አለ። መሬቱ ይፈላል። ሰዉ በፍል ውኃው በቆሎ ይቀቅላል፣ በእንፋሎት ሣጥን ሥጋ ያበስላል፣ ጎብኚው ሲሄድለት ደግሞ ገላውን ይታጠብበታል። እንግዲህ ይህ የሰው ጓዳ ነው እኮ! የሰው ጓዳ ካሜራ ደቅኖ መግባትን የትኛዋ እናት ናት ያስተማረችው?

«መግቢያ ከፍያለሁ» ይለናል። ትኬቱ በሩን ያስከፍታል እንጂ የአሮጊቷን ፊት አይገዛም። ደግሞስ መንደርተኛው እንግዳ ጠል ነው እንዴ? ቱሆራንጊዎች ማስጎብኘትን የያዙት ገና የታራዌራ ተራራ ሳይፈነዳ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ተራራው ፈንድቶ ቀያቸውን ቀበረ፤ ዓለም ይጎርፍላቸው የነበሩትን ሮዝና ነጭ እርከኖችም አጠፋ። ከተረፉት ብዙዎቹ እዚህ ዘመድ ዘንድ ተጠጉ፤ ማስጎብኘቱንም ቀጠሉ። ከዚያው መንደር አስጎብኚ የነበረችው ማኬሬቲ ስለ ወገኖቿ ኑሮ በራሷ ብዕር ጻፈች፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ሞተች፣ መጽሐፏ በ1938 ታተመ። እነዚህ ሰዎች አንደበት አላቸው ማለት ነው፣ ወገን!

የኛ ፎቶ አንሺ ግን ጎጆውንና ድስቱን ከፎቶው ያስወጣና ጭሱን ብቻ አስቀርቶ «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብሎ ይጽፍበታል። ያልተነካ? ምሳ የሚበስልበት?

መጀመሪያ ጠይቅ። እምቢ ካሉህ ካሜራህን ዝቅ አድርግ። ፖሁቱን ማንሳት ትችላለህ፤ ፍል ውኃው እስከ 30 ሜትር ይወረወራል፣ ከመንደሩም ይታያል። ከሥዕሉ ሥር ግን የመንደሩን ስም ጻፍ።