ጅምር ውኃ አያጠጣም

አፄ ፋሲል እንዳሠሩት የሚነገርለት የጎንደር ጥምቀተ ባሕር ገንዳ ዛሬም በየዓመቱ ጥር ላይ ይሞላል። ውኃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ ነው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ገንዳው ይጸዳል፣ ውኃው ይለቀቃል፤ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ሲወርዱ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የውኃ ሥራ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው የሚያጸዳው፣ የሚጠግነውና ቀኑን የሚቆጥርለት ሰው ስላላጣ ነው።

በዚህችው ከተማ ግን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃው ሲዛባ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይተካል። እናቶች ሌሊት ተነሥተው ጀሪካን ይደረድራሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ቦኖ ይላካሉ፤ አቅም ያለው ሮቶ ገዝቶ ከቦቴ ያስቀዳል፤ አቅም የሌለው በጀሪካን እየገዛ ይጠጣል። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች፣ የመገጭን ወንዝ በቅርብ ርቀት ያገኘች ከተማ እንዲህ መጠማቷ ከተፈጥሮ የመጣ ችግር አይደለም። የችግሩ ምንጭ የመንግሥት ገንዘብ ሥራ የሚጀመርበትና የሚቋረጥበት መንገድ ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

የመገጭ ግድብ ግንባታ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም ነው። ከ180 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝ፣ ከጎንደር በታች ባለው ሜዳ 17 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማና ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። መንግሥት ግድቡን እንደሚያጠናቅቅ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ባለሥልጣናትም እየተመላለሱ ጎብኝተውታል። ጎንደር ግን ዛሬም ጀሪካኗን እንደደረደረች ነው።

አንድ ፕሮጀክት ሲዘገይ ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፓምፑ፣ የብረት ቧንቧው፣ ማጣሪያው፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ዕቃው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በጊዜው ያልተገዛው ዕቃ ዛሬ በብር ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል። የሲሚንቶና የነዳጅ ዋጋም ባለበት አልቆመም። ስለዚህ የዘገየ ፕሮጀክት በየዓመቱ ራሱን በራሱ ያስወድዳል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ የማይጻፈው ወጪ ነው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ለውኃ የምታወጣው ገንዘብ፣ ተማሪዋ ቦኖ ላይ የምታሳልፈው ሰዓት፣ ካፌው በየቀኑ ለቦቴ የሚከፍለው ሒሳብ፣ በተበከለ ውኃ የታመመ ሕፃን የሚታከምበት ብር፤ ይህ ሁሉ የግድቡ መዘግየት ዋጋ ነው። መንግሥት ለጎንደር ውኃ ገንዘብ አጠረኝ ሲል ገንዘቡ መከፈሉ አልቀረም፤ ነዋሪው በየቀኑ በጀሪካን እየለካ ይከፍለዋል። ከሁሉም አብልጦ የሚከፍለውም ድሃው ነው።

ለምን አላለቀም ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ጠፍቶ አያውቅም። ግድቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚመራውም የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ነው። የመጠጥ ውኃ ፖሊሲው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ውኃውን ለየቤቱ ማዳረስ የከተማው ውኃ አገልግሎትና የአማራ ክልል መንግሥት ሥራ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የድርሻውን መሥራቱን ሊያስረዳ ይችላል። ነዋሪው ግን የሚጠጣው የሦስቱን ሥራ ድምር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቧንቧው ደረቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ርብ ላይ የሆነውን አይተናል፤ ግድቡ ከቆመ በኋላ የመስኖ ቦዮቹ ለዓመታት ዘግይተው ገበሬው የተጠራቀመ ውኃ እያየ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከርሟል። መገጭም ነገ ግድግዳው ቢያልቅ፣ ማጣሪያው፣ ዋናው መስመርና የከተማው ማከፋፈያ በጀት ካልተያዘላቸው ጎንደር በሐይቅ ዳር የተጠማች ከተማ ትሆናለች።

አቅም የለም የሚለው ምክንያት ብቻውን አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ለብዙ ዓመታት ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ስንጮህለት ኖረን፣ ገንዘቡና ኃላፊነቱ በአንድ እጅ ሲገቡለት በአጭር ጊዜ ታድሶ አየነው። የኮሪደር ልማቱም የከተማዋን ዋና ዋና መንገዶች በፍጥነት ቀይሯል። እድሳቱን ደግፌዋለሁ፤ ቅርሱ የእኛም የዓለምም ነው። የግድብ ሥራና የቤተ መንግሥት እድሳት በመጠን እንደማይመሳሰሉም አውቃለሁ። ሆኖም ትልቁም ሥራ ቢሆን ባለቤት ካገኘ እንደሚያልቅ ዓባይ አሳይቶናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በመካከል ክፉኛ ተጓትቶ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ከሜቴክ ተወስዶ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጠ፣ ክትትሉ ጠበቀ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ለዚያ ግድብ ቦንድ የገዛው ጎንደሬ፣ ከደጁ የሚፈሰው መገጭ ጣና ገብቶ ወደ ዓባይ ሲያልፍ እያየ እንዲጠማ የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ነገሩ የከተማዋና የግድብ ብቻ አይደለም፤ የተሠራውን የመጠገንም ጉዳይ ነው። ከጎንደር ተነሥተው በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገው ደባርቅ ሲደርሱ፣ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወርዱ፣ መንገድ ማለት በየክረምቱ የሚናደውን አፈርና ድንጋይ የሚያነሣ እጅ ማለት መሆኑን ያያሉ። አገሪቱ ይህን በመንገድ ረገድ ቀድማ ተረድታለች፤ በ1989 ዓ.ም የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ተደርጓል። ገንዘቡ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ጥገና የራሱ የታወቀ የገንዘብ ምንጭ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ግን ትክክል ነው።

ለውኃና ለቴክኖሎጂ ሥራዎች እንዲህ ያለ ምንጭ አላበጀንም። በ1997 ዓ.ም አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እንዲሰጥ ተብሎ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በየትምህርት ቤቱ ተተከለ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ የጃናሞራ ተማሪ አዲስ አበባ ካለው ተማሪ ጋር አንድ ትምህርት እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የሚተካው የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው በበቂ አልተያዘላቸውም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ወረዳዎችን በመረብ ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔትም በብዙ ቦታ የገጠመው ይኸው ነው። ዛሬ ፋይዳ መታወቂያና ዲጂታል ክፍያ እየተስፋፉ ነው፤ መስፋፋታቸውን እፈልገዋለሁ። በበየዳ ያለ ገበሬ ለአንድ ወረቀት ሁለት ቀን በእግር ከመሄድ ቢድን ማን ይጠላል? ነገር ግን በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ አገልግሎቱ ሁሉ እንዴት እንደቆመ አይተናል። መሣሪያ መግዛት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ መብራቱን፣ መስመሩንና ባለሙያውን ዓመት እስከ ዓመት የሚያቆየው በጀት ካልተከተለው ገንዘቡ የባከነ ያህል ነው።

በአንጻሩ ኮብልስቶንን ተመልከቱ። ጎንደር በከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ ከተሞች አንዷ ሆና የሠፈር መንገዶቿን በጥርብ ድንጋይ አንጥፋለች። ድንጋዩ የአገር ድንጋይ ነው፤ የሚጠርበውም የሚያነጥፈውም የሠፈሩ ወጣት ነው፤ አንዱ ሲነቀል መልሶ ለመትከል ዶላር አይጠየቅም። የመንግሥት ገንዘብ ሲወጣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሲበላሽ እዚሁ ያለ ሰው፣ እዚሁ ባለ ገንዘብ ሊጠግነው ይችላል ወይ?

የደለሉን ነገርም ማንሣት ግድ ይለኛል። ከተማዋን ለረጅም ዓመታት ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ያረጀው በዕድሜው ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ተዳፋት ሲታረስ፣ ሲራቆት፣ ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ግድቡ ውስጥ አራግፎታል። መገጭም የሚነሣው ከወገራ ደጋ ነው፤ ያው ተዳፋት፣ ያው ክረምት፣ ያው አፈር ይጠብቀዋል። የደጋው ገበሬ በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ እርከን ሲሠራ የሚውለው በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው። የእርሻ ሥራ በቀለለበት ወራት ጉልበቱን ይሰጣል፤ የሠራው እርከን ግን ከታች ያለውን የቢሊዮኖች ብር ግድብ ዕድሜ የሚያረዝም ነው። እንግዲህ እርከኑ የግድቡ አካል ነው፤ ዋጋውም ከግድቡ በጀት መከፈል አለበት። የወገራ ገበሬ ማሳውን ለሣርና ለዛፍ ሲለቅ፣ ቦረቦሩን ሲከትር፣ ጎንደር የምትጠጣውን ውኃ እየጠበቀላት ነውና ለዚያ ሥራው ደመወዝ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ መገጭን በብዙ ድካም ጨርሰን ለልጆቻችን ሁለተኛ አንገረብ እናወርሳቸዋለን።

ገንዘቡ ውስን መሆኑን አልክድም። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው፤ ለአማራ ክልል የሚደርሰው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። በክልሉ ያለው ግጭትም ተቋራጩን ከሥራ ቦታ፣ ሲሚንቶውን ከመንገድ ያስቀራል፤ ሰላም ሳይኖር የሚያልቅ ሥራ እንደሌለ ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። ገንዘብ ውስን በሆነበት አገር ግን ከሁሉ የከፋው ብክነት ጅምር ማብዛት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አዲስ የመሠረት ድንጋይ ባስቀመጥን ቁጥር አሮጌው ሥራ ከእጃችን ይወድቃል። ካለው ገንዘብ ሁሉ ጅምሮች ጥቂት ጥቂት ሲጣልላቸው አንዱም አያልቅም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ በደንብ ያልተጠና ፕሮጀክት በጀት እንዳይያዝለት የታሰበ ነው፤ ያ ሥርዓት ከወረቀት ወርዶ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ላይ ሊታይ ይገባል።

የምጠይቀው አራት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የመገጭ ግድብ፣ ማጣሪያው፣ ዋናው መስመርና የከተማው ማከፋፈያ በአንድ የጊዜ ሰሌዳ፣ በአንድ ተጠያቂ አካል ሥር ይሁኑ፤ ያ አካልም በየሦስት ወሩ ጎንደር መጥቶ በከተማው ምክር ቤት ፊት የተሠራውን፣ የተከፈለውንና የቀረውን በቁጥር ያስረዳ። ሁለተኛው፣ እንደ መንገድ ፈንድ ሁሉ ለውኃ ተቋማትና ለሕዝብ የቴክኖሎጂ አገልግሎት የማይነካ የጥገና ገንዘብ በሕግ ይመደብ። ሦስተኛው፣ የግድቡ በጀት የወገራን ተፋሰስ ይጨምር፤ ለገበሬውም ይከፈለው። አራተኛው፣ የተጀመረው ሥራ ማጠናቀቂያው በበጀት ሳይረጋገጥ በዚሁ ዘርፍ አዲስ ሥራ አይጀመር።

ሰኔ ላይ የፌዴራል በጀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ሐምሌ ላይ የክልሉ ይከተላል። ከጎንደር ከተማ፣ ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከበየዳ ድምፃችንን ይዘው የተቀመጡ ተወካዮች አሉን። ያን ቀን እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት፣ መገጭ የሚያልቀው በየትኛው ዓመት ነው፣ ቧንቧውስ በጀት ተይዞለታል ወይ ብለው ይጠይቁ። ቀንና ገንዘብ ያለው መልስ ሳያገኝ ለሌላ የመሠረት ድንጋይ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ፣ ድምፁን የሰጠው በጎንደር ጥማት ላይ መሆኑን ይወቅ።