ፕሪየስ የመረጠ ሰው ዲስክ መምረጥ አያቅተውም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ኡበር ኮሚሽንም አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ሂትሮው የመጠባበቂያው ፓርኪንግ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ከሐበሻ ሾፌሮች ጋር አንድ ክርክር ገጥመን ነበር። መሃል ላይ ሥራ መጣልኝና ሳልጨርስ ሄድኩ። እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ ለንደንን ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድተዋታል። የልጆቻቸውን ክርስትና፣ የዘመድ ሠርግ፣ የድሮ የሙዚቃ ካሴቶቻቸውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠዋል። አሁን "ሳሎንም መኝታ ቤትም ቴሌቪዥን ላይ የሚከፈትልኝ አንድ ትንሽ ሰርቨር ልግዛ፤ የትኛው ነው የማያስቸግረኝ?" ብለው ጠየቁን። አንዱ ወንድማችን ወዲያው ስልኩን አውጥቶ አራት ዲስክ የሚይዝ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ባለ 600 ፓውንድ ሳጥን አሳያቸው። ሌላው "ምን አደከመዎት ጋሼ፣ ዩቲዩብ ላይ ይጫኑት" አለ። ሦስተኛው ከገበያ በ15 ፓውንድ የገዛትን፣ ላይዋ ላይ "2 ቴራባይት" የተጻፈባትን ፍላሽ ከኪሱ መዘዘ። በእኔ እምነት ሦስቱም ጋሼን አሳስተዋቸዋል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። እህቴ በ1994 ዓ.ም. ደሴ ላይ ስታገባ ሠርጉ በቪኤችኤስ ካሴት ተቀርጾ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ካሜራ ፊት የቆመው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሙሽሮቹን መረቀ። እኔ እዚህ ወረቀት ስላልወጣልኝ አልደረስኩም። አባቴ ካረፈ በኋላ ካሴቱን አስመጥቼ አስገለበጥኩት፤ ሻጋታ ስለያዘው ካሴቱ ራሱ ተጣለ። ፋይሉን ኪስ በምትገባ ሃርድ ዲስክ ላይ ጭኜ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። በ2021 ልጆቼ አያታቸውን እንዲያዩ ብዬ ስሰካት "ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ" አለች። ከተበላሸ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያወጡ ሰዎች ጋ ወሰድኳት፤ ለሙከራው ከፈልኩ፤ የሠርጉ ፋይል ግን አልወጣም። በኋላ ፍራንክፈርት ያለው የአጎቴ ልጅ ድሮ በፍላሽ የሰጠሁትን ፈልጎ አገኘ። ለካስ ኮፒው መሃል ላይ ተቋርጦ ኖሯል። አባቴ ከወንበሩ ይነሳል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ አፉን ሊከፍት ሲል ቪዲዮው ያልቃል። ምርቃቱ የለም።

ዲስኩን የሠራውን ካምፓኒ አልወቅስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አስቀመጥኩ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። እኛ የለንደን ሾፌሮች አስተማማኝ ዕቃ መምረጥ እናውቅበታለን። ፕሪየስ የምንወደው ስለሚያምር ነው እንዴ? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ ስለማይተወን ነው። ልንገዛ ስንል ማይሌጁን እናያለን፣ በታርጋ ቁጥሩ የኤምኦቲ ታሪኩን እንፈትሻለን፣ መለዋወጫው እንደ ልብ መገኘቱን እንጠይቃለን። ዲስክ ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ዲስክ ማይሌጅ አለው። ስማርት የሚባል መዝገብ ውስጡ አለ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ይከፈታል። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል፤ አንድ ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ያሳያል። ስንት ቦታው ተበላሽቶ በመጠባበቂያ እንደተተካም ይጽፋል። ያ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት፤ በየጊዜው እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ ሊሰናበት ነው። ግን ማይሌጅ እንደሚቀነስ እናንተም ታውቃላችሁ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሄይዘ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና ድርጅት ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ መሸጣቸውን አጋልጧል። የተያዙትም ፋርም በሚባል ሁለተኛ መዝገብ ውስጥ እውነተኛው ሰዓት ተጽፎ ስለነበር ነው። ስለዚህ ዲስክ ከታወቀ ሱቅ፣ ከነደረሰኙ ግዙ። እዚህ አገር በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን እንድትወስዱ ይፈቅዳል። ከመንገድ ዳር ሻጭ ጋር ይህን ብትሞክሩት ሰውየውን ራሱን አታገኙትም።

ሁለተኛው ነገር የዲስኩ ዓይነት ነው። ሲኤምአር እና ኤስኤምአር የሚባሉ ሁለት አጻጻፎች አሉ። ኤስኤምአር ማለት መረጃው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተደርቦ ሲጻፍ ነው። ብዙ ይይዛል፣ ይረክሳል፤ ግን አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የተደረቡትን ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ሰርቨር ውስጥ አንዱ ዲስክ ሞቶ አዲስ ሲተካ ሥራው እጅግ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ይከሽፋል። በኤፕሪል 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ሰርቨር ብሎ ከሚሸጣቸው "ሬድ" ዲስኮች መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉት አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን አመነ፤ ሲሸጥ ግን አልተናገረም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው "ሬድ ፕላስ" የሚለው ስም ለሲኤምአሮቹ የተለየው። ዛሬ ሬድ ፕላስ፣ የሲጌት አይረንዎልፍ ወይም የቶሺባ ኤን300 ብትገዙ ሲኤምአር ነው። ኪስ የሚገቡት ትልልቅ ዲስኮች ግን አብዛኞቹ ኤስኤምአር ናቸው፤ ለማመላለሻ ይሁኑ እንጂ ቀን ከሌት የሚሠራ ሰርቨር አታድርጓቸው።

ስንት ቴራ? እዚህ ላይ ሰው በከንቱ ይከስራል። አንድ የሠርግ ካሴት በዲቪዲ ጥራት ሲገለበጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ቪዲዮ ከ5 ጊጋባይት አይበልጥም። መቶ ካሴት ቢኖራችሁ ግማሽ ቴራ ነው። ፎቶውና ሙዚቃው ቢጨመር እንኳ ለጋሼ 4 ቴራ ይተርፋቸዋል። 20 ቴራ መግዛት ለሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ማመላለሻ ባለ 52 ወንበር አውቶቡስ እንደ መግዛት ነው።

ሳጥኑስ? ባለ 600 ፓውንዱ መጥፎ ነው አላልኩም። ጊዜ ለሌለው ሰው ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሳጥን ይመቻል። ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። በ2017 የኢንቴል አቶም ሲ2000 የሚባለው ቺፕ ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ ጭራሽ እንዳይነሳ የሚያደርግ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ፤ ቺፑ ያለባቸው ስመ ጥር የሲኖሎጂ ሳጥኖችም ነበሩ፤ ካምፓኒው ዋስትናቸውን አራዘመ። በ2025 ደግሞ ይኸው ሲኖሎጂ በአዳዲስ ፕላስ ሞዴሎቹ ላይ እሱ ከፈቀዳቸው ዲስኮች ውጭ ያሉትን ገደበ፤ ደንበኛው ሲጮህ በኦክቶበር መልሶ አነሳው። ይህን የምለው ካምፓኒ ለማማት አይደለም። መኪናችን ሲሰበር ማንም ጋራዥ ሊሠራው እንዲችል እንደምንፈልገው፣ ሳጥኑ ሲሞት ዲስካችን ሌላ ተራ ኮምፒውተር ላይ መነበብ አለበት።

ስለዚህ ለጋሼ የመከርኳቸው ቢሮዎች ሲቀይሩ የሚሸጧቸውን ትናንሽ የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ዴስክቶፖች ነው። እኔ የራሴን በ90 ፓውንድ ነው ያገኘሁት። ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ካለው ቪዲዮ ለቴሌቪዥን ማዘጋጀት አይከብደውም። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ ሁለት ትልልቅ ዲስክ የሚገባበት ቦታ መኖሩን እዩ፤ በጣም ትንንሾቹ ሞዴሎች አይዙም። ፋኑ አቧራ ካለው አጽዱ። ጄሊፊን የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ነው፤ ቪዲዮውን ሁሉ ፊልም ቤት ያስመስለዋል።

መብራቱንም አስቡ። 20 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 175 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንዱን በ25 ፔንስ ብናስበው ወደ 44 ፓውንድ። ሰው "በነጻ ሰጡኝ" የሚለው አሮጌ የቢሮ ሰርቨር 80 ዋት ቢበላ 175 ፓውንድ ነው። በነጻ የመጣው ዕቃ በየዓመቱ ሒሳብ ያስከፍላል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ባክብሌዝ የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ከ300 ሺህ በላይ ዲስኮች አሉት፤ ስንቱ እንደሚሞት ከ2013 ጀምሮ በይፋ ያወጣል። በቅርብ ዓመታት ከመቶው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ይሞታል። ትንሽ ይመስላል። ግን ማንኛውም ብራንድ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ የሚሞተው ደግሞ ያንተው ከሆነ ለአንተ መቶ በመቶ ነው። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን ተመሳሳይ ነገር እንዲጽፉ ማድረግ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ግን ልጅ በስህተት ቢሰርዘው ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል። ሌባ ሲገባ ሳጥኑን ይዞ ነው የሚወጣው። እሳትም እንደዚያው።

ስለዚህ የገንዘባችሁ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን እላለሁ። መጀመሪያ ሁለት ጥሩ ዲስክ፤ አንዱ ለሰርቨሩ፣ ሌላው ተቀድቶ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ። ቀጥሎ ሳጥኑ። የተረፈ ገንዘብ ካለ በሦስተኛ ደረጃ ሳጥኑ ውስጥ መንታ ዲስክ። 600 ፓውንዱን ሳጥን ገዝቶ ለሁለተኛ ኮፒ 100 ፓውንድ ያጣ ሰው አይቻለሁ። ጎማ ሳይቀይር መኪናውን ቀለም የሚያስቀባ ሰው ማለት እሱ ነው።

ሁለተኛው ኮፒ የት ይቀመጥ? ሊድስ ያለች እህት ጋ፣ ወይም አዲስ አበባ። እኛ መቼም ከሰው ጋር ዕቃ መላክ እናውቅበታለን። አዲስ አበባ የሚሰካ ከሆነ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስክ ስለሚጎዳ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ አብራችሁ አስቡ፤ ካልሆነ ሳይሰካ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና በዓመት አንዴ ይፈተሽ።

"ዩቲዩብ፣ ጉግል አለ አይደል?" ለምትሉ፦ እንደ ተጨማሪ ኮፒ እሺ። ግን ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል። አካውንቱ በእናት ስም ሆኖ እናት ካረፉ፣ ፓስዎርዱን ማን ያውቀዋል? ባለ 15 ፓውንዷ ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ቴራ ነኝ ብላ የምትዋሽ ትንሽ ፍላሽ ናት፤ ስትሞላ ሳትናገር የቀድሞውን ታጠፋለች። ወንድሜ፣ ታዝበህኝ እንዳትቀየም፣ ቤትህ ገብተህ ፈትሻት።

ጋሼ ተስማምተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ እንገጥመዋለን። የመጀመሪያው ኮፒ ሲያልቅ ፋይሎቹን እየከፈትን እስከ መጨረሻቸው መጫወታቸውን እናያለን፤ እኔ ያላደረግኩት ይህን ነው። ሁለተኛው ዲስክ በወሩ መጨረሻ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ይሄዳል።

እናንተም ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ያለችውን ዲስክ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ሰክታችሁ እዩዋት። ከተነሳች ሳታሳድሩ ቅዷት። ቸር እንሰንብት።