ዳታ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መንገድ መሪ

በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ በሚወጡ ሰዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ «ስልኬ ይበቃኛል» ይላል። ሌላው ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣለትን ጋርሚን ዙሞ መሪው ላይ አስሮ ስልክ የያዘውን ጓደኛውን በንቀት ያየዋል። ክርክሩ ስለ ስክሪን ስፋት፣ ስለ ዋጋና ስለ ስም ነው። ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ዳታ በጠፋ ቀን መንገዱን የሚያሳየው የትኛው ነው?

በሌላ ሀገር ይህ ጥያቄ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆይቷል። ከጥቅምት 2013 በኋላ ትግራይ ለረጅም ጊዜ ከስልክም ከኢንተርኔትም ውጭ ነበረች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቷል። ይህ የኔትወርክ መንቀራፈፍ አይደለም። እንዲህ ባለ ሀገር ካርታውን ከኔትወርክ የሚጠብቅ ሞተረኛ፣ ነዳጅ ሳይቀዳ ከተማ ለቆ ከሚወጣ ሰው በምን ይለያል?

ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይደለም። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ሳያቋርጡ ያሰራጫሉ። መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ሰምቶ ያለበትን ቦታ ያሰላል። እንደ ሬዲዮ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ቴሌኮሙ ቢዘጋም ሳተላይቱ ሥራውን አይተውም፤ የሚጠፋው ካርታው ነው። አስቀድሞ ያልተጫነ የጎግል ካርታ ሥዕሉንም መንገዱንም ከኢንተርኔት ይጠብቃል። ያኔ ስክሪኑ ላይ የምትቀረው ባዶ ሜዳ ላይ የቆመች ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ናት።

«ሳተላይቱስ ቢሆን የአሜሪካ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ለሲቪል የሚሰጠውን ሲግናል ሆን ብላ ታዛባው ነበር፤ ያስቆሙት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው። ዛሬ ግን የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ አሉ። ከአንድ በላይ የሚሰማ መሣሪያ መምረጥ የዚህ ስጋት መልስ ነው። ለዘመናዊ ስልኮች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ «ስልኬ ይበቃኛል» ባዩ ልክ ነው ማለት ነው? ግማሹን ልክ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች የኢትዮጵያን ካርታ ቤት ባለ ዋይፋይ አውርደው ያለ ዳታ መንገድ ያወጣሉ። ጎግልም የመረጡትን አካባቢ አስቀድሞ እንዲያወርዱ ይፈቅዳል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ «ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ» ብሎ መጠየቅ። ይህን ከጉዞ በፊት የሚሞክር ስንት አለ? ብዙው የሚያስታውሰው መንገድ ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ግማሹን ደግሞ ተሳስቷል። ስልክ ለሞተር ሳይክል መሪ አልተሠራም። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል ራሱ አስጠንቅቋል። አይፎን እንዲሠራ የታሰበው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ የአየር ሙቀት ነው፤ አፋር ላይ በቀትር ፀሐይ ይህን ልክ ማለፍ ቀላል ነው። የዝናብ ጠብታ ስክሪኑን እንደ ጣት ይነካካዋል፣ የረጠበ መሰኪያ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፣ በወፍራም ጓንት መንካትም ፈተና ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ያ ስልክ ካርታ ብቻ አይደለም። አደጋ ቢደርስ የሚደወልበት እሱ ነው፤ የነዳጅና የአልጋ የሚከፈልበት ቴሌብርም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ጠጠር ላይ ወድቆ ቢሰበር ሞተረኛው መንገዱን፣ ድምፁንና ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ያጣል።

አሁን ወደ ባለ ዙሞው። ዙሞ ኤክስቲ 2 በ2023 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ውኃና ንዝረት ይችላል፣ በጓንት ይታዘዛል፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አሜሪካ የተገዛው የሰሜን አሜሪካን ካርታ፣ አውሮፓ የተገዛው የአውሮፓን ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። የቺካጎን ጎዳና በየስሙ የሚያውቅ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ከሰማያዊዋ ነጥብ የተሻለ ነገር ላይኖረው ይችላል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ዘመድ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

መሣሪያው ዋጋ የሚኖረው ካርታው ሲሟላ ነው። ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተዘጋጀ ነፃ ካርታ በሚሞሪ ካርድ መጫን ይቻላል፤ የደቡብ አፍሪካው ትራክስ ፎር አፍሪካም ኢትዮጵያን የሚያካትት ካርታ ይሸጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት «ስንት ኢንች ነው?» ሳይሆን «ካርታ ይጫንበታል ወይ?» የሚለው ነው። ዋጋው የከበደው ደግሞ እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ ያለውን ትንሹን ያስብ። ስክሪኑ ጠባብ ነው፤ ግን በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ የባትሪ ድንጋይ ደግሞ የትኛውም የገጠር ሱቅ አይጠፋም።

የዚህ ክርክር ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን የአስፋልት ጉዞ ካርታው የወረደለት ስልክ ይበቃል፤ ከተቻለ ሲሙ የወጣ አሮጌ ስልክ መሪው ላይ፣ ዋናው ስልክ ኪስ ውስጥ። ለሳምንታት በጠጠር፣ በሙቀትና በዝናብ ለሚሄድ ግን ራሱን የቻለ ጂፒኤስ፣ ካርታው ተጭኖና ተሞክሮ፣ ከሞተሩ ባትሪ በፊውዝ ተያይዞ። ዋናዎቹ ከተሞችና ርቀታቸው ደግሞ በወረቀት ተጽፈው ደረት ኪስ ውስጥ ይግቡ። ወረቀት ቻርጅ አያልቅበትም።

መሣሪያ የተገዛለት ሰውም ጭንቅላቱን ቤት ጥሎ አይወጣም። «አጭሩን መንገድ» የሚለው ምርጫ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ የክረምት ጭቃ አይቆጥርም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን እንደገና ይወጣል፤ ሊማሊሞም በጠመዝማዛ የተሞላ ነው። እዚያ ካርታ ላይ አንድ ስንዝር የሚመስለው ቀን ይበላል። መሣሪያው «መድረሻ 19:30» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:30 ነው፤ ጨልሟል ማለት ነው። ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው አይሱዙ በሚያዘወትረው መንገድ ላይ ይህን ቁጥር በጠዋት ያላነበበ፣ ማታ የሚያነበው በጭንቀት ነው።

ካርታው ተሳሳተ ብሎ የሚራገመውም ድርሻ አለው። ኦፕን ስትሪት ማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተጀመረና ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ካርታ ነው። የጠፋችውን ድልድይ፣ የተዘጋውን ነዳጅ ማደያ፣ የመንደሩን ስም በአማርኛ ማስገባት ይቻላል። ያለፈበትን መንገድ ያላስመዘገበ ሞተረኛ፣ ነገ ከኋላው የሚመጣውን ያው ገደል ላይ ትቶት ሄደ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይበልጣል። የትኛውም ጂፒኤስ ትናንት ማታ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ አያውቅም። የሚያውቁት ጠዋት ከዚያ የመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የመናኸሪያ ረዳቶችና የቁርስ ቤት ባለቤቶች ናቸው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ሳተላይቱ ሞተረኛው የት እንዳለ ይነግረዋል፤ ወደፊት መሄድ እንዳለበት ወይም መመለስ እንዳለበት የሚነግረው ግን ሰው ነው።