ሣጥን ፍለጋ ሲወጡ ምን ይያዙ?

እሑድ ሲመጣ ጊዜዬን በምን ላሳልፍ ብለው ከሚጨነቁት ወገን ከሆኑ፣ ዛሬ ስለ አንድ ጨዋታ ላጫውትዎ። ስሙ ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን በጫካ ወይም በተራራ ይደብቅና ሥፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር ያስታውቃል፤ ሌላው ቍጥሩን ይዞ ይፈልጋል።

የጨዋታው ዕድሜ አጭር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ ሳተላይቶቹ ለሲቪል ሰው የሚልኩትን ምልክት ለጦር ጥንቃቄ ሲል ሆን ብሎ ያዛባው ነበርና፣ መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000፣ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ውሳኔ ይህ ማዛባት ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሬጎን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ በምትባል ሥፍራ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። በውስጡ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላና የመመዝገቢያ ደብተር ነበረበት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቁት ሣጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በላይ ይዞራሉ፤ ስልክዎም ቢያንስ ከአራቱ በሚቀበለው ምልክት ያሉበትን ያሰላል። ሰማዩ ገላጣ ሲሆን ስሕተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዛፍ ሥርና ከገደል አጠገብ ግን ይብሳል። እንግዲህ የመጨረሻዎቹን 5 ሜትሮች ፈልገው የሚጨርሱት፣ ከዚያም ወደ ቤትዎ በደኅና የሚመለሱት በራስዎ ዝግጅት ነው።

አስቀድሞ ስለ መሪው እንነጋገር። ስልክዎ የሳተላይቱን ምልክት ለመቀበል ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ካርታውን ለማምጣት ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ካርታውን ከቤትዎ ሳሉ ያውርዱ፤ ባትሪውን ሞልተው፣ ፓወር ባንክም ጨምረው ይውጡ። የሥፍራውን ቍጥር በወረቀት ሲገለብጡ ደግመው ያመሳክሩ፤ በኬክሮስ ላይ የ1 ደቂቃ ስሕተት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቅዎታልና። ባትሪ የማያሻው ተራ ኮምፓስም አይናቅ።

ቀጥሎ እርሳስ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ባለው ደብተር ስምና ቀን ካልጻፉ እንዳገኙ አይቈጠርልዎትም። እርሳስ ከብዕር የሚመረጠው ቀለሙ በእርጥበት ስለማይፈስ ነው። ወረንጦም ይጠቅማል፤ አንዳንዱ መደበቂያ እንደ ጣት ጫፍ ያነሰ ብልቃጥ ሆኖ ወረቀቱ በጠባቡ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና። ለሳማና ለእሾህ ጓንት፣ እንዲሁም ጠንካራ በትር ይያዙ። በድንጋይ ሥር ወይም በዛፍ ፍልፍል ውስጥ በበትር ሳይነካኩ እጅዎን አይስደዱ፤ እባብ የት እንደተኛ በካርታ ላይ አይጻፍም።

ከሣጥኑ ዕቃ ለመውሰድ ከፈለጉ በዋጋ እኩያውን ወይም የሚበልጠውን መተው የጨዋታው ሕግ ስለሆነ፣ የቁልፍ መያዣን የመሰለ ትንሽ ስጦታ ይዘው ይሂዱ። ምግብ ግን አይተዉ። የመጀመሪያው ባልዲ ባቄላ ነበረበት፤ ዛሬ ግን አውሬ በሽታው ተስቦ ሣጥኑን ስለሚያበላሽ ተከልክሏል። ዶማና አካፋም በቤት ይቅሩ፤ ሣጥን መሬት ቈፍሮ መቅበር አይፈቀድም።

ስለ መመለሻው ደግሞ ልብ ይበሉ። በሀገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ወዲያው ይከተላል። እንጦጦን በመሰለ ከፍታ ላይ ብርዱ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ሹራብ፣ በኮዳ ውሃ፣ ጥቂት ቆሎ፣ ፋሻና ፕላስተር ያስፈልጋል። ፊሽካም ይጨምሩ፤ የሰው ድምፅ በጩኸት ብዛት ይዘጋል፣ ፊሽካ ግን እስትንፋስ እስካለ ይሰማል። ለቢሮ የተወለወለው ጫማ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታልና በቤት ይረፍ።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ ብለው የደሞዝዎን ግማሽ አያውጡ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ከቤትዎ ባለው ዕቃ ይጀምሩ።

መታወቂያዎንም አይርሱ። በቍጥቋጦ ውስጥ የሚያጎነብስ ሰው ሲታይ ሰው ይጠረጥራል፤ እረኛም ቢጠይቅዎ፣ ዘበኛም ቢጠይቅዎ በትሕትና ያስረዱ። በአሜሪካና በእንግሊዝ የተደበቀ ሣጥን ፈንጂ መስሎ ፖሊስ የተጠራበት ጊዜ አለ። እርስዎም በተራዎ ለመደብቅ ቢያስቡ የመሬቱን ባለቤት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በሣጥኑም ላይ ምን እንደሆነ በግልጥ ይጻፉ።

በመጨረሻ ክብደት የሌለውን፣ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ቢጎድል ሕይወት የሚያድነውን ልንገርዎ። ሳተላይቱ ያሉበትን ሥፍራ ለእርስዎ ያሳውቃል እንጂ ለእናትዎ አይነግርም። እግርዎ ቢወለከፍና ስልክዎ ቢጠፋ ከሰማይ የሚያውቅዎ የለም። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የሚሄዱበትን ቍጥርና የሚመለሱበትን ሰዓት በሁለተኛ ወረቀት ጽፈው ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት ይስጡ፤ ከተቻለም ባልንጀራ ይዘው ይውጡ። ሰዓቱ ከደረሰ ደግሞ ሣጥኑ ባይገኝም ይመለሱ። ሣጥኑ ለሚቀጥለው እሑድ ከሥፍራው አይጠፋም።